ለዳይሬክተራችን፣ ስለተጣበቁት ገጾች

የልጅ ልጄን ከትምህርት ገበታዋ ላስነሷት፣ ለተከበሩት የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር፤

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ወለል እንከን የማይገኝበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ወለሉን የምወለውልልዎ የጽዳት ሠራተኛ በታላቅ አክብሮት እጽፍልዎታለሁ። ደብዳቤውን በወላጆች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በርዎ ላይ ደጋግሜ ቆሜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባልኩ ስለተመለስኩ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ ቢወላገድ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። አዲስ የሳይንስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር ሙጫ ሰጥተውኝ፣ ጥጋቸውን አጥፈው ያመለከቱልኝን ገጾች እርስ በርስ እንዳጣብቅ ሲያዙኝ፣ ከዚህ ሁሉ ሠራተኛ መካከል የተመረጥኩት በታማኝነቴ ይመስለኝ ነበር። «ማንበብ አትችዪም አይደል፣ እማማ?» ብለው ፈገግ ሲሉም ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱን ብጠይቅዎ፣ የማተሚያ ቤት ስህተት ስላለበት ልጆቹን ያሳስታል አሉኝ።

ሁለተኛ፤ ለልጅ ልጄ ስላቀረቡላት ጥያቄ አመሰግናለሁ። ልጅቱ የመጀመሪያ ደሟን ስታይ እናቷን የገደለው በሽታ ወደ እርሷ የተሻገረ መስሏት ለእኔም ሳትነግረኝ ቀረች፤ ከተቀደደ ፍራሽ ስፖንጅ እየቦጨቀች ደሟን ደበቀች። ከዚያ ደሙ ቆመና ወራት አለፉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ግን ክፍል ውስጥ፣ በጓደኞቿ ፊት፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ፈሰሰ። ወንበሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ልጅቱን ቢሮዎ አስጠርተው፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ወራት መዝለሉን ከራሷ አፍ ከሰሙ በኋላ «ያስወረድሽው ከማን ነው?» አሏት። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ማስወረድ ምን እንደሆነ ስላልገባት «አላውቅም» ብላ መለሰችልዎ። አላውቅም ማለቷን የወንዱ ብዛት አድርገው የተረዱት እርስዎ ነዎት፤ እንዲህ ያለ አእምሮ ለሁሉም ሰው አይሰጥም።

ሦስተኛ፤ አባቷን፣ ማለትም የገዛ ልጄን፣ ጠርተው ስላማከሩት አመሰግናለሁ። ልጄ እርስዎን ከእናቱ አብልጦ ያምናል፤ የተማሩ ነዎት፣ ከረባትም ያስራሉ። በዚያው ቀን ደብተሮቿን ቀማት። አሁን ደግሞ ወሬው ሳይዛመት ብሎ፣ ሚስቱ ለሞተችበት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሊድራት ቃል ሰጥቷል፤ ሰውየው ከልጄም በዕድሜ ይበልጣል። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ እግሩ ላይ ብወድቅ መልሱ አንድ ነው፦ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ እማዬ፣ ዳይሬክተሩ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።» ልጅቱም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች።

የማውቀው ነገር እንዲኖር ብዬ ከመጻሕፍቱ አንዱን በፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ይዤ፣ በገዛ እጄ ያጣበቅኳቸውን ገጾች አላቀቅኳቸው። እየተንተባተብኩም ቢሆን አነበብኳቸው። ሴት ልጅ ስታድግ ጡቷ እንደሚያጎጠጉጥ፣ ማኅፀኗ በየወሩ ለፅንስ እንደሚሰናዳ፣ ፅንስ ካልመጣም ያ የተሰናዳው ከደም ጋር እንደሚወርድ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደሙ ቢዘገይና ወራት ቢዘል የተለመደ መሆኑን፣ ነገሩ በሽታም ነውርም አለመሆኑን ይናገራሉ። የማተሚያ ቤት ስህተት አላገኘሁባቸውም፤ አነባበቤ ገና ደካማ ስለሆነ አምልጦኝ ይሆናል። ዕድሜዬን ሁሉ የፈሰሰኝ ደም ከየት እንደሚመጣ ያወቅሁት ከደረቀ በኋላ ነው፤ ለእኔስ ይሁን፣ አልፏል። ለእርሷ ግን መልሱ ደረቷ ላይ በታቀፈችው መጽሐፍ ውስጥ ነበር።

አራተኛ ብዬ ምስጋናዬን እንዳልቀጥል ጊዜ የለኝም፤ ሹፌሩ በመጪው እሑድ ሽማግሌ ይልካል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ወደ ልጄ ቤት ጎራ ብለው «ተሳስቻለሁ» የምትለዋን አንዲት ቃል እንዲነግሩት በትሕትና እለምናለሁ። በሩ ተከፍቶ የተናገሩትን ሰው ቤት ሄዶ ማረም ለክብርዎ እንደሚከብድ አውቃለሁ። እርሷ የተሸከመችውን ያህል እንደማይከብድ ግን አረጋግጥልዎታለሁ።

ደጅዎን በመጥናት ያረጀች፣ ለትምህርት ያለዎትን ፍቅር ዘግይታም ቢሆን የተረዳች፣
የልጅቱ አያት

ማሳሰቢያ፦ የዘንድሮ መጻሕፍት ስለገቡ ሙጫውን ጠረጴዛዎ ላይ ትቼልዎታለሁ። በእኔ ቦታ የሚመድቡት ሰው ማንበብ አለመቻሉን አስቀድመው ይፈትኑት፤ ቢቻል የልጅ ልጅ የሌለው ይሁን። እኔ ከእንግዲህ አንድም ገጽ አላጣብቅም፤ ልጄም ይህን ሲያነብ ይወቀው፣ ያቺን ልጅ ለማንም ሙሽራ አድርጌ አላለብስም።