አንድ ዓመት ለአሰልጣኝ ኮቫር

ሀርላን ፎርድ፣ ነብራስካ
ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28፣ የምስጋና ቀን

ውድ ማርሊስ፣

በእህትሽ ቤት በሰላም እንዳለሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ኦሪገን ውስጥ ዝናቡ አላቋርጥ ብሏል ሲሉ ሰማሁ፤ የጉልበትሽን ነገር አደራ። እኔ ደህና ነኝ። ማክሰኞ ዕለት የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ጣለብን፤ ግን አልቆየም። የውጪዎቹን ቧንቧዎች አንቺ እንደምታደርጊው በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ። ውሻው አርጅቶ ደረጃ መውጣት ስለተወ እኔም እሱን ብዬ ታች ሳሎን መተኛት ጀምሬአለሁ።

ልጃችን ፓም ለዛሬው ምሳ ሊንከን ድረስ እንድመጣ ለምናኝ ነበር። «ሥራ አለኝ» ብዬ ቀረሁ። ሥራ የለኝም። ከትናንት በኋላ ሰው ከበዛበት ገበታ ለመቅረብ ፊት አጣሁ። ጋዜጣው ስለ ጉዳዩ ይጽፋል፤ ድረ ገጹን ከፍተሽ ታነቢው ይሆናል። ጋዜጣ ግን የሚጽፈው ውጤቱን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከእኔው ስሚው።

ነገሩ የክሌይ ኮቫር ነው። የኮሌጃችንን የፉትቦል ቡድን እንዲያሰለጥን ከሦስት ዓመት በፊት ስቀጥረው አንቺ ምን እንዳልሽኝ አልረሳሁም፤ «ሰውየው ደግ ነው፤ ግን እራት ላይ የመኪናውን ቁልፍ ሦስቴ ጠፋብኝ ብሎ ፈለገ» ነበር ያልሽኝ። እኔ ሳቅሁ። ዘንድሮ ሁለት ጨዋታ ብቻ አሸንፈን የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ደረስን። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ፊንች ጠርተውኝ «ቅዳሜን ካሸነፈ ስለሚቀጥለው ዓመት እንነጋገራለን፤ ካልሆነ ግን እንደ ስፖርት ኃላፊነትዎ አንድ ነገር መወሰን ይኖርብዎታል» አሉኝ። ጥያቄው ይኸው ነበር፤ ኮቫር አንድ ዓመት ይጨመርለት ወይስ ይበቃዋል?

ቅዳሜ ደግሞ የተሰናባቾች ቀን ሆኖ አረፈው። አራተኛ ዓመታቸውን የጨረሱት ልጆች ከእናት አባታቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳ የሚገቡበት፣ አንቺ በየዓመቱ የምታለቅሺበት ቀን። በዚያ ቀን አንድም ተሰናባች ሳይጫወት አይወጣም፤ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን ይገባል። ከተሰናባቾቹ አንዱ የእህል ጎተራው ባለቤት የዋይስ ልጅ ቶቢን ነው። ኳስ መቺ ነው፤ ሌሎቹ ኳሷን ታቅፈው ተጋፍተው የደረሱበት ድረስ ደርሰው ሲያቅታቸው ገብቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል የሚያሳልፍ። ከእሱ የሚሻል ልጅ ስላለ አራት ዓመት ሙሉ በልምምድ እንጂ በጨዋታ አንዲት ኳስ አልመታም። ኮቫር በክረምቱ ለልጁም ለእናቱም «በተሰናባቾች ቀን የመጀመሪያዋ ምት የቶቢን ናት» ብሎ ቃል ገብቶላቸው ነበር።

የመጀመሪያዋ ምት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መጣች፤ ቅርብ፣ ሕፃን የማይስታት። ኮቫር ከዳኛ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። የተለመደው መቺ እንደ ልማዱ ሮጦ ገባ፤ መታ፤ አገባ። ቶቢን ሄልሜቱን አጥልቆ መስመሩ ዳር እንደቆመ ቀረ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩት በሁለት ነጥብ እየተመራን አንዲት ምት አገኘን። ብትገባ ሦስት ነጥብ ናት። ግን ሩቅ ናት፤ ነፋሱም ከሰሜን ነው። እኔ ከኮቫር ጀርባ ነበርኩ። የተለመደውን መቺ ሊልክ ዞር ሲል ዓይኑ ቶቢን ላይ አረፈ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። «ወይኔ! ልጁን ረሳሁት» አለ። ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ የተለመደውን መቺ ትከሻውን ይዞ አስቀረውና ቶቢንን ጠራው።

ኳሷ በግራ በኩል ወጣች። ተሸነፍን።

ሰኞ ማታ የሬዲዮው ቀን ነው። ታውቂዋለሽ፤ አሸነፈም ተሸነፈም አሰልጣኙ ስዌንሰን ምግብ ቤት ቺሊ ወጥና የቀረፋ ዳቦ ፊቱ ተደርጎለት፣ ማይክሮፎን ተደቅኖበት ሕዝብ በስልክ እየደወለ ይሞግተዋል። ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። አዘጋጁ ጂን የመጀመሪያውን ደዋይ አስገባ፤ ገበሬው ሃሮልድ ነበር።

«ኮች፣ እንዴት አመሸህ?»

«ደህና ነኝ ሃሮልድ፣ አንተስ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። የሚመታ ልጅ እያለህ የማይመታ ማስገባት ምን የሚሉት ጥበብ ነው? እኔ ትራክተር እያለኝ በአካፋ አላርስም።»

«ዘንድሮ በእርሻህ በኩል አልፌ ነበር» አለ ኮቫር። «በአካፋ ያረስከው መስሎኝ አዘንኩልህ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሃሮልድ ራሱ በስልኩ ውስጥ ሲንከተከት ይሰማል። ለአፍታ ሰው ሁሉ የወደደው መሰለኝ። በማግስቱ ያባርሩኛል ብሎ የሚፈራ ሰው እንዲህ አይቀልድም ብዬ ተገረምኩ።

ከጥቂት ደዋዮች በኋላ የሴት ድምፅ መጣ። «ዶሪን ዋይስ ነኝ። የቶቢን እናት።»

ሹካ የያዘው ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ። ጂን ዝግጅቱን ወደ ማስታወቂያ ሊወስደው ሲል ኮቫር በእጁ ከለከለው።

«እየሰማሁዎት ነው፣ ወይዘሮ ዋይስ።»

«ሰው ሁሉ ለልጄ ውለታ የዋልክለት ይመስለዋል። ቄሱ ሳይቀሩ እሑድ ዕለት አመስግነውሃል። እኔ ግን አላመሰግንህም። የመጀመሪያዋ ምት የእሱ ናት ብለኸኝ ነበር። ብትሳትም ማንንም የማትጎዳዋ። ያን ጊዜ የት ነበርክ?»

ማርሊስ፣ ብዙ ማለት ይችል ነበር። «ጥድፊያ ነበር» ቢል ማንም ይቀበለዋል። ዳኛውን ቢያነሳ ግማሹ ቤት ያጨበጭብለታል።

«ረሳሁት» አለ። «ወይዘሮ ዋይስ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ረሳሁት። መጨረሻ ላይ ሳየው ነው ትዝ ያለኝ።»

«ልጄ ከቅዳሜ ወዲህ ከክፍሉ አልወጣም» አለች። «አንተ ቃልህን አከበርክ፤ የተዋረደው ግን እሱ ነው።» ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «ጊዜ ይሰጠው» ሲሉ የነበሩት እንኳ ዓይናቸውን ከእሱ ማሸሽ ጀመሩ። እኔ ግን ግትርነቴን ታውቂዋለሽ፤ ያን ምሽት ስለ እሱ የበለጠ መሟገት ጀመርኩ። ልጁን የረሳው ሰውና መርሳቱን በሕዝብ ፊት ያልካደው ሰው አንድ ናቸው፤ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ማባረር አይቻልም። ከእሱ በፊት የነበረው አሰልጣኝ ያሸንፍ ነበር፤ ግን ተጫዋቾቹን ፖሊስ ጣቢያ እየሄድኩ የማስፈታው እኔ ነበርኩ። የኮቫር ልጆች ክፍል ይገባሉ፤ ይመረቃሉ። የመለመላቸው ልጆችም ገና ጢማቸውን እያበቀሉ ነው። ዛፍ ተክሎ በሦስተኛው ዓመት ፍሬ የለውም ብሎ የሚቆርጥ ማነው?

ማክሰኞ ይህንኑ ለዶክተር ፊንች ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ሎዌል፣ ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ አልነጥቅዎትም» አሉኝ። «ነገር ግን እንዲቆይ ካደረጉ የሚቀጥለው ሽንፈት የእሱ ሳይሆን የእርስዎ ይሆናል። እስከ ነገ ቀትር አሳውቁኝ።»

ትናንት ጠዋት ውሳኔዬን ይዤ ወደ ኮቫር ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ያለው ሣር «ይህ ቤት ይሸጣል» በሚሉ ሰሌዳዎች ተሞልቷል። ተማሪዎቹ ከየቤቱ ደጅ ነቅለው አምጥተው ተክለውበታል፤ ከኛ መምጣት በፊትም ለተሸነፈ አሰልጣኝ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ኮቫር አንድ በአንድ እየነቀለ ፒካፑ ላይ ይጭናል።

«ለደላላዎቹ እየዞርኩ ልመልስላቸው ነው» አለኝ። «አንዷማ ደውላ ‹መቼም ሰሌዳው ተተክሏል፤ የምርህን ከሆነ ጥሩ ዋጋ አወጣልሃለሁ› አለችኝ።»

ወደ ውስጥ ገባን። ሚስቱ ዲና ማዕድ ቤት ለበዓሉ ድንች ትልጣለች። ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«አንድ ዓመት ልጨምርልህ ነው የመጣሁት።»

ዲና መላጧን አቆመች። ኮቫር ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ ደስ አላለውም።

«ለምን?» አለኝ።

«ይገባሃላ! ልጆቹ ይወዱሃል። ጥሩ ሰው ነህ።»

«ጥሩ ሰው መሆኔን አልጠየቅኩህም። በሚመጣው ዓመት ይህ ቡድን በእኔ እጅ ይሻሻላል ብለህ ታምናለህ?»

«ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ቀላል ጥያቄ ነው» አለች ዲና፣ ዞራ ሳታየኝ። «ሎዌል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ የእሱን ፊት አይቼ ነው ሳምንቱን የምጀምረው። የምታምን ከሆነ ሌላም ሦስት ዓመት እችላለሁ። አላምንም ግን አሳዝኖኝ ነው ካልክ፣ ማዘኑ እኔንም አላቃተኝም።»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ነበረኝ፤ ዛፉ፣ የሚመረቁት ልጆች፣ ሁሉም። አንዱም ግን ለጠየቀኝ ጥያቄ መልስ አልነበረም። የሚመጣውን መኸር በዓይነ ልቦናዬ አየሁት። ሌላ ጨዋታ፣ ሌላ ጥድፊያ፣ ሌላ የተረሳ ልጅ።

«አላምንም» አልኩት።

ኮቫር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እስከዚያ ድረስ ቆሞ እንደነበር ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

«ለልጆቹ እኔ ልንገራቸው» አለ። «ከዚያ በፊት ግን ወደ ዋይሶች ቤት እሄዳለሁ።» ቶቢን በሩን ይክፈትለት አይክፈትለት አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። ተነስቼ ልወጣ ስል ዲና የዱባ ኬክ ቆርሳ ሰጠችኝ። «ሳትቀምስ አትሄድም» አለች። ካሰናበትኩት ሰው ገበታ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው። በደንብ የተጋገረ ኬክ ነበር፤ አንድም ፍርፋሪ አላስቀረሁም። ለፊንች የደወልኩት ከዚያ ወጥቼ ነው።

ማርሊስ፣ በኦክቶበር ደውለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «በእኔና በአንተ መካከል ያለው ይሻሻላል ወይስ ቤቱን ሸጠን እንለያይ?» ነው ያልሽኝ። እኔም «የጨዋታው ወቅት ይለቅና እንነጋገራለን» አልኩሽ። ይህን ቃል ፓም ልጅ ሳለችም እልሽ ነበር። አንቺም ሁልጊዜ ጊዜ ትሰጪኝ ነበር። ደስ ብሎሽ ይሁን አዝነሽልኝ፣ ጠይቄሽ አላውቅም።

ወቅቱ አልቋል። ዛሬ ለመጻፍ ስቀመጥ «እስከ ፀደይ ታገሺኝ» ልልሽ ነበር። አሁን አልልሽም። ኮቫር የጠየቀኝን ብቻ እጠይቅሻለሁ፤ ይሻሻላል ብለሽ ታምኛለሽ? አላምንም ካልሽ በአንድ ቃል ጻፊልኝ፤ ቤቱን ከገና በፊት ለደላላ እሰጣለሁ፤ አንቺን ለማቆየትም አንዲት ቃል አልጨምርም። የእኔን መልስ ግን ያንቺ ሳይደርሰኝ አልነግርሽም። ካወቅሽው አዝነሽ ትመልሺልኛለሽ ብዬ እፈራለሁ።

እህትሽን ሰላም በይልኝ። እግዚአብሔር ያንን ቤት ይጠብቅላችሁ፤ ለጉልበትሽም ብርታት ይስጥልኝ። ዛሬ የምስጋና ቀን አይደል፤ ስምሽን ጠርቼ አመስግኛለሁ።

ሎዌል