መምህሮቼ ዘመዶቼ ስለሆኑብኝ

ቀን፦ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰሜን ግርጌ የትምህርት ዕድል ጽሕፈት ቤት
ለክቡር አቶ የሺዋስ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ደባርቅ

አመልካች፦ ሕሊና ደምለው፣ የሰብል ባለሙያ
አድራሻ፦ ደባርቅ ከተማ

ጉዳዩ፦ የቀድሞ መምህሮቼ የጻፉልኝ የምስክርነት ደብዳቤዎች «ከአመልካቿ ዘመዶች የተሰጡ ናቸው» ተብለው ውድቅ ስለተደረጉብኝ ውሳኔው እንዲታረምልኝ፣ ይህም እናቴ ቀጣዩን እርምጃ ከመውሰዷ በፊት እንዲሆንልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት፣ በጽሕፈት ቤቱ ላይ ቅሬታ እንጂ ቂም እንደሌለኝ አስታውቃለሁ። ሠራተኞቹ ሁሉ በደግ ፊት አስተናግደውኛል። ችግሩ የመጣውም ከደግነት ነው።

1. በ2008 ዓ.ም. በዕፅዋት ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ፣ ከዚያ ወዲህ የሰብል ባለሙያ ሆኜ እየሠራሁ እገኛለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምውለው በአምቢኮና በደረስጌ በኩል ባሉ የገብስ ማሳዎች ነው። ገብሱን ከነዛላው የሚያደርቀው በሽታ ምን እንደሆነ ገበሬው ይጠይቀኛል፤ እኔም «ናሙናው ተልኳል» እላለሁ። ናሙናው ከተላከ ቆይቷል። አሁን አሁን ገበሬዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ተልኳል መጣች» ይላሉ። መልሱን ራሴ ተምሬ እንዳመጣው ስለቆረጥሁ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው የሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዕድል ተወዳድሬ ፈተናውን አልፌአለሁ። የዕድሜ ጣሪያው ከዘንድሮ በኋላ አያስገባኝም። ስለዚህ ሌላ ዓመት የለኝም።

2. የቀረኝ ከሁለት የቀድሞ መምህሮቼ የምስክርነት ደብዳቤ ማቅረብ ብቻ ነበር። መመሪያው ስለ ደብዳቤው ጸሐፊ ሁለት ነገር ያዝዛል። አመልካቿን በቅርብ የሚያውቅ መሆን አለበት። እንዲሁም የሥጋ፣ የጋብቻ ወይም በአካባቢው ልማድ የታወቀ ሌላ ዝምድና የሌለው መሆን አለበት። መመሪያውን ያነበብሁ ዕለት ምንም አልከበደኝም። ሁለቱ ትእዛዞች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ መሆናቸውን ያየሁት እናቴ መሀል ከገባች በኋላ ነው።

3. እናቴ ወይዘሮ ስጦታ የአምቢኮ ሰው ናት። ልጄን ስወልድ ለአራስነቴ መጥታ እስካሁን አልተመለሰችም። ስለ እርሷ ጽሕፈት ቤቱ ሊያውቅ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባዕድ ሰው ማለት ለእናቴ ተጀምሮ ያላለቀ ሥራ ማለት ነው።

4. የአፈር ሳይንስ ያስተማሩኝ ዶክተር ምሥራቅ የሚኖሩት ጎንደር ነው። ስደውልላቸው በትሕትና አነጋገሩኝ። «ስምሽስ አልጠፋኝም፤ ፊትሽ ነው የጠፋኝ» አሉ። የምረቃ ፎቶዬን ላክሁላቸው። ፎቶው ላይ ያለው ሁሉ ጋዋን የለበሰ ስለሆነ የትኛዋ እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ከኋላ ተርታ፣ ኮፍያዋ ዓይኗን የሸፈናት ነኝ አልሁ። የማያውቁትን ሰው አውቃለሁ ብለው መፈረም እንደማይሆንላቸው ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው።

እናቴ አጠገቤ ሆና ትሰማ ነበር። ሰው በስልክ አይተዋወቅም ብላ በማግስቱ ልጄን አሳዝላ፣ ማርና የገብስ ቆሎ አስይዛ ጎንደር ወሰደችኝ። እኔ የመስክ ሥራ ሪፖርቶቼን ይዤ ነበር። ሪፖርቶቹ ከቦርሳ አልወጡም። እናቴ ልጄን ከጀርባዬ አውርዳ ዶክተር ምሥራቅ ጭን ላይ አስቀመጠቻት፤ ሁለቱንም ትንሽ አየቻቸውና «ሰማንያ ቀኗ እየደረሰ ነው፤ ክርስትና የሚያነሣት ሰው አጥተን ተጨንቀናል» አለች። ሰው አላጣንም ነበር። ሁለት አክስቶቼ እኔ ነኝ የማነሣት፣ እኔ ነኝ ተባብለው ተኮራርፈው ነበር እንጂ።

ዶክተር ምሥራቅ ልጅ የላቸውም። አለቀሱ፣ እሺ አሉ፣ ደባርቅ ድረስ መጥተው ልጄን ክርስትና አነሡ። ከዚያም ቤታችን ሰንብተው፣ ከእኔ ጋር ማሳ ወርደው፣ እጃቸው ጭቃ እስኪሆን አፈሩን እያገላበጡ ሲጠይቁኝ ዋሉ። ደብዳቤውን የጻፉት ከዚያ በኋላ ነው። በሕይወቴ ስለ እኔ እንደዚያ የተጻፈ የለም፤ ባለቤቴ አንብቦት ስለ ማን እንደሆነ ጠይቆኛል። የመጨረሻው መስመር ግን «በአበልጄ ሙሉ እምነት አለኝ» ይላል።

የሰነድ አጣሪው አቶ ገዱ ፈገግ እያሉ አንብበው አንብበው እዚያ መስመር ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እኒህ ሴትዮ ምንሽ ናቸው?» አሉኝ። የልጄ የክርስትና እናት እንደሆኑ ነገርኋቸው። ደብዳቤው ውድቅ ሆነ።

5. ሁለተኛው መምህሬ ፕሮፌሰር ክንዴ ናቸው። የዕፅዋት በሽታ ያስተማሩኝ እርሳቸው ሲሆኑ፣ ጡረታ ወጥተው ዳባት ብቻቸውን ይኖራሉ። በስልክ ስጠይቃቸው «ከተመረቅሽ በኋላ የሠራሽውን አላየሁም፤ ያላየሁትን አልጽፍም» ብለው ዘጉ። በአካል ላነጋግራቸው ዳባት የሄድሁት እናቴን ቤት ትቼ ነው። ዳባት ከአውቶቡስ ስወርድ ከኋለኛው ወንበር እናቴም ወረደች።

ፕሮፌሰሩ በራቸውን የከፈቱልን ጢማቸውን አሳድገው ነው። እናታቸው ባለፈው ክረምት አርፈው ኖሯል። እናቴ ይህን ስትሰማ የመጣንበትን ጉዳይ ጨርሳ ረሳችው፤ ከቤቱ ማር ጠየቀች። በአገራችን እንደሚታወቀው፣ ሰው በምስክር ፊት ከሌላው ጣት ማር ከጠባ የጡት ልጅ ይሆናል፤ ይህም እንደ ሥጋ ልጅነት ይቆጠራል። ፕሮፌሰር ክንዴ ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። እናቴ ብትበልጣቸው ጥቂት ብትበልጣቸው ነው። አይሆንም ይላሉ ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን አወለቁ። ጎረቤታቸው፣ ተከራያቸውና እኔ ምስክር ሆንን። እናቴም «እንግዲህ ጡቴን ጠብተሃል፤ ልጄ ነህ» አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ ትውልድ ሙሉ የፈራቸው መምህሬ «ክንዴ፣ ብርድ ነው፣ ጋቢህን ደርብ» ይባላሉ። ይደርባሉም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደባርቅ እየመጡ ከእኔ ጋር ማሳ መውረድ ጀመሩ። ስለ ገብሱ በሽታ ተማሪ ሳለሁ ያልተከራከርነውን ተከራክረናል፤ አንድ ጊዜ ረትቻቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ይህን በደብዳቤው ውስጥ ጽፈውታል። ነገር ግን ደብዳቤው የሚጀምረው «ስለ እኅቴ ስለ ሕሊና የምመሰክረው» ብሎ ነው። ያቺን ቃል እንዲያወጡልኝ ለመንሁ። ምስክርነት እውነት ይፈልጋል ብለው እምቢ አሉ። በዚህ ጊዜ አቶ ገዱ እስከ መጨረሻው መስመር መድረስ አላስፈለጋቸውም።

6. አቶ ገዱ ሊያግዙኝ አስበው ዝምድናው መፍረሱን የሚገልጽ ማስረጃ ባመጣ እንደሚታይልኝ ነገሩኝ። በቅን ልቡና ሞክሬአለሁ። ልጄን ያጠመቁትን ቄስ፣ ክርስትናው ውጤት እስኪለጠፍ ድረስ ለጊዜው ሊታገድ ይችል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አሐቲ ጥምቀት፤ ጥምቀት አንዲት ናት» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ገቡ። ፕሮፌሰር ክንዴ ደግሞ «ደብዳቤዬን መልሺልኝ፤ እናቴን ግን አልመልስም» አሉ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አላነሣሁትም፤ ለማንሣትም አልፈልግም።

7. ሦስተኛው መምህሬ ዶክተር ሙጂብ ናቸው። ስታቲስቲክስ አስተምረውኝ ነበር፤ አሁን ማስተማሩን ትተው ከእናታቸው ከወይዘሮ ጣይባ ጋር እዚሁ ደባርቅ ገበያ የቤተሰቡን የእህል መደብር ይሠራሉ። ወደ እርሳቸው ስሄድ እናቴ እንዳትሰማ ተጠንቅቄአለሁ። ብትሰማም ሙስሊም ስለሆኑ ክርስትና አያነሡም፣ እናታቸውም በሕይወት ስላሉ ማር አያስፈልጋቸውም ብዬ ተጽናንቻለሁ። ዶክተር ሙጂብ የድሮ የውጤት ማስታወሻቸውን ፈልገው እንዲህ ሲሉ ጻፉልኝ፦ «ሕሊና ደምለው ተማሪዬ ነበረች። ኤ አግኝታለች። ዝምድና የለንም።»

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አቶ ገዱ ከልማድ የተነሣ «እኒህስ ምንሽ ናቸው?» አሉኝ። «ምኔም አይደሉም» አልሁ ቀና ብዬ። አቶ ገዱ ደብዳቤውን አገላብጠው፣ ከጀርባው ምንም እንደሌለ አረጋግጠው፣ «በቅርብ የሚያውቁሽ አይመስሉም» ብለው መለሱልኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ አልተቆጣችም። «አያውቅሽም ነው ያሉት? እሱማ ቀላል ነው» ብላ ነጠላዋን አነሣችና ልጄን ይዛ ገበያ ወረደች። ስፈልጋቸው ወይዘሮ ጣይባ ልጄን አዝለው «የልጅ ልጄን እዩልኝ» እያሉ የእህል ተራውን ሲያዞሯት አገኘሁ። ለሚመጣው ዒድ እኛ፣ ለሚመጣው ፋሲካ እነርሱ ሊጠሩ ተቀጣጥረዋል። ማታውን ዶክተር ሙጂብ ደውለው፣ የደብዳቤያቸው ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር እስከ መቼ እውነት ሆኖ እንደሚቆይ ጠየቁኝ።

8. ጉዳዩ ለምን በቀጥታ ለእርስዎ እንደቀረበም ማስረዳት ይገባኛል። ባለፈው ሳምንት ውሳኔ ስጠብቅ እናቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። አቶ ገዱ ሲያልፉ አገራቸውን ጠየቀቻቸው። ደረስጌ ነው አሉ። የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እያለች ወደ ላይ መቁጠር ጀመረች፤ እርሳቸውም ቆመው መለሱላት። እዚህ አገር እስከ ሰባት ቤት ዘመድ እንደሆነ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ እናቴ ተነሥታ ሳመቻቸው። አቶ ገዱ ቢሯቸው ገብተው ፋይሌን ዘጉና «እንግዲህ የዘመዴን ጉዳይ ማየት አልችልም» አሉኝ። ሁለተኛዋ አጣሪ በወሊድ ፈቃድ ላይ ናቸው። እናቴ ገንፎ ይዛ ሄዳ ጠይቃቸዋለች። ስለዚህ በጽሕፈት ቤቱ ጉዳዬን ሊያይ የሚችል ባዕድ ሰው ከእርስዎ በቀር አልተረፈም።

9. ክቡር ሆይ፣ የመመሪያው ዓላማ አድልዎን መከላከል እንደሆነ ይገባኛል። እነዚህ ሰዎች ግን ውጤት ሲሰጡኝ ከፎቶ እንኳ ለይተው የማያውቁኝ ነበሩ። ዘመዶቼ የሆኑት ሊያውቁኝ ብለው ነው። ሥራዬን ያዩት፣ ጭቃውን የረገጡት፣ ስሳሳት ያረሙኝ፣ ያሸነፍሁትንም የመዘገቡት ዘመድ ከሆኑ በኋላ ነው። ሰውን በቅርብ አውቆ ባዕድ ሆኖ መቅረት በሌላ አገር ይቻል ይሆናል። እዚህ ግን ቤት ገብቶ እንጀራ ቆርሶ፣ ልጅ አቅፎ ባዕድ ሆኖ የወጣ ሰው አላውቅም። በቅርብ የሚያውቀኝ፣ ዘመዴ ግን ያልሆነ ሰው የግድ ከተፈለገ ያለኝ በወሰን የምንካሰሰው ጎረቤቴ ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ አላስተማረኝም።

10. ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ) የዶክተር ምሥራቅና የፕሮፌሰር ክንዴ ዝምድና ከመምህርነታቸው በኋላ የመጣ ስለሆነ ደብዳቤዎቻቸው ተቀባይነት እንዲያገኙ፤

ለ) ይህ ካልሆነ፣ የዶክተር ሙጂብ ደብዳቤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ሳለ ከሁለቱ ከአንዳቸው ጋር ተዳምሮ እንዲያዝልኝ፤

ሐ) ውሳኔው ከዓርብ በፊት እንዲሰጠኝ ነው።

ፊደል «ሐ»ን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። የጽሕፈት ቤቱ ጥበቃ፣ እርስዎ እናትዎን ካቻምና እንደቀበሩና እኅት እንደሌለዎት ለእናቴ ነግሯታል። እርሷ «ምስኪን» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም። ዛሬ ጠዋት ግን ማር ገዝታለች። ዓርብ ቢሮዎ ብቅ ብላ ሰላም ልትልዎት አስባለች፤ ሰላምታዋ ምን እንደሚመስል ከላይ አስረድቻለሁ። እስከ ሐሙስ ማታ የተኮራረፉትን አክስቶቼን እንድታስታርቅልኝ ለምኜ ይዣታለሁ። ከዚያ በላይ የማቆያ አቅም የለኝም። ዓርብ ካለፈ ደግሞ እርስዎም የእኅትዎን ጉዳይ ማየት አይችሉም፤ እኔም ገበሬዎቹ ዘንድ «ተልኳል» እንደተባልሁ እቀራለሁ።

ውሳኔውን ፈርመው ከጨረሱ በኋላ ግን ዓርብ ከቢሮዎ ባይጠፉ ደስ ይለኛል። ፕሮፌሰር ክንዴን ጠይቄአቸው ነበር። በዚህ ብርድ ጋቢህን ደርብ የሚል ሰው ማግኘት አይከፋም ብለዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
እስከ ሐሙስ ድረስ ለእርስዎ ባዕድ የሆንሁ አመልካች
ሕሊና ደምለው
(ፊርማ)

አባሪ፦ ሦስት የምስክርነት ደብዳቤዎች

ግልባጭ፦
ለአቶ ገዱ፣ በዘመድነት እንዲያውቁት ብቻ
ለእናቴ እንዳይደርስ