ሁለተኛዋ በረኛ

ጃንዋሪ 14፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ወደ ግራ መወርወር፣ መነሣት። ወደ ቀኝ መወርወር፣ መነሣት። ሆዴ ገና የኔ አልሆነም። ሊዲያን ከወለድኩ ወዲህ ሰውነቴ ሲታዘዝ መጀመሪያ ቆም ብሎ ያስባል። የእግር ኳስ በረኛ ደግሞ የማሰቢያ ጊዜ የላትም።

ከልምምድ በኋላ ዋና አሰልጣኛችን ክሌር ቢሮዋ ጠራችኝ። ሻይ ቀዳችልኝ። ክሌር ሻይ ከቀዳች ደግ ወሬ የለም። እስከ ውድድር ዓመቱ መጨረሻ አንደኛ በረኛ ሚያ ናት፣ እኔ ሁለተኛ። ሚያ ገና ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጎበዝ ናት፣ አልክድም። እኔ ሠላሳ ሁለት። ቀጥሎ ዋናው ነገር መጣ፦ በሰመር ጫማዬን ልስቀልና የክለቡ የበረኞች አሰልጣኝ ልሁን። ቋሚ ሥራ። ማታ ማታ ከልጄ ጋር። መልሴን በፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት ትፈልጋለች።

ክሌር ቀና ሰው ናት። ያናደደኝም እሱ ነው።

አንቺ ማስታወሻ፣ መልበሻ ክፍል ሆኜ ነው የምጽፍብሽ። ሚያ አጠገቤ ተቀምጣ ፊደሉን አየችና ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ጸሎት ነው አልኳት።

ጃንዋሪ 15፣ ረቡዕ

ብሪክስተን፣ ቤት። ያሬድ አውቶቡሱን አስረክቦ እንደገባ ነገርኩት። ባሌ ነገር አያበዛም። የወደድሽውን አድርጊ፣ እኔ ሺፍቴን አስቀይራለሁ አለ። ወዲያው ተኛ።

እማዬ ግን ቁጭ አለች። ሊዲያን ልትይዝልን ከፍራንክፈርት ከመጣች ጀምሮ በልጅቷ ጉዳይ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት።

"ወልደሻል። ለጀርመንም ተሰልፈሻል። ከዚህ በላይ ምን ቀረሽ?"

ሊዲያን አቅፌ ተነሣሁ።

እማዬ ስጫወት አይታኝ አታውቅም። በቴሌቪዥን እንኳ። ልጄ መሬት ስትፈጠፈጥ ቁጭ ብዬ አላይም ትላለች። ፍራንክፈርት ስንገባ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ቋንቋ የለኝ። የሕንጻችን ልጆች ማንም የማይፈልገውን ቦታ ሰጡኝ፤ ጎል ባደረጓቸው ሁለት የቆሻሻ ገንዳዎች መካከል። ጀርመንኛ የተማርኩት ተከላካዮቼ ላይ እየጮኽኩ ነው። በዚያው ገፋሁበት። የሰፈር ክለብ፣ ታዳጊ ቡድን፣ ትልቁ ሊግ፣ ብሔራዊ ቡድን። ከዚያ ለንደን።

ምን ቀረኝ? እንጃ። የቀረኝ እንዳለ ግን አውቃለሁ።

ጃንዋሪ 19፣ እሑድ፣ አመሻሽ

ሚያን ትኩሳት ያዛት። የዋንጫ ጨዋታ። እንደምሰለፍ ክሌር ሜዳ ልንደርስ ስንል ነገረችኝ። ጓንቴን አወጣሁ።

በደንብ ጀመርኩ። አንድ የማዕዘን ምት አየር ላይ ያዝኩ፣ አንድ አወጣሁ። ከዚያ ከሩቅ የተመታች ልፍስፍስ ኳስ። ሕፃን የምትይዛት። በብብቴ ሥር ሾልካ ገባች። ሰው ሳቀ። ጩኸት እችላለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ሳቅ ግን ሌላ ነው።

በሁለተኛው አጋማሽ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። መስመሩ ላይ ቆምኩ። ልጅቷ እስክትመታ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። በግራ እጄ መለስኳት። ሰውነቴ ቆሞ አላሰበም! ከወለድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ተሸነፍን፣ አንድ ለዜሮ። ያቺ አንዷ የኔ ናት። ማዘን ነበረብኝ። ራበኝ እንጂ አላዘንኩም። ነገም ብጫወት፣ ከነገ ወዲያም።

ጃንዋሪ 20፣ ሰኞ

ቪዲዮው በየስልኩ ይዞራል። ያዳንኩት ፍጹም ቅጣት ምት አይደለም፤ ያቺ ልፍስፍስ። ቤቷ ገብታ ልጇን ታሳድግ ብሎ የጻፈ አለ። ያሬድ ስልኬን ከእጄ ወሰደው።

ከሰዓት መለሰልኝ፤ ስልክ ከጀርመን። ቶርስተን፣ የብሔራዊ ቡድኑ የበረኞች አሰልጣኝ። ስለ ጎሏ ሊያወራ መስሎኝ ተዘጋጀሁ። ጭራሽ አላነሣትም። እስከ ጸደይ ስንት ጨዋታ ትሰለፊያለሽ ብሎ ጠየቀኝ። ሁለተኛ መሆኔን ነገርኩት።

"ተቀያሪ ወንበር ላይ ያለች በረኛ አልጠራም። የትም ይሁን፣ ብቻ ተጫወቺ።"

የትም። ቀኑን ሙሉ ይቺ ቃል አብራኝ ዋለች። ዳይፐር ስቀይር፣ ትከሻዬ ላይ በረዶ ስይዝ። የትም።

ጃንዋሪ 24፣ ዓርብ

ክሌር ቢሮ። ዛሬ ሻይ የለም፣ ለመገናኘት የጠየቅኩት እኔ ነኝ። በውሰት ልቀቂኝ አልኳት። ከእኛ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ደቡብ ለንደን ውስጥ፣ በረኛዋ የእጅ አንጓዋ የተሰበረባት ክለብ አለ። ከሊጉ ሊወርዱ ጥቂት ቀርቷቸዋል።

ሜዳው ጭቃ ነው አለች። ተጫዋቾቹ ቀን ሌላ ሥራ እየሠሩ ማታ የሚለማመዱ ናቸው። እዚያ ብትጎጂስ? የአሰልጣኝነቱን ቦታ የሚፈልጉ ደግሞ ሌሎችም አሉ፣ ከቀጠሮው በላይ አልጠብቅሽም። ሁሉም ልክ ነው። ልክ ነሽ አልኳት። ግን ልቀቂኝ።

ለቀቀችኝ። ግትር ነሽ አለች እየሳቀች። እልኸኛ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ባውቀው እነግራት ነበር። ግትር ሌላ፣ እልኸኛ ሌላ።

ቤት ገብቼ ነገርኳቸው። እማዬ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች። ቢላዋው ግን ብዙ ተናገረ።

ፌብሩዋሪ 2፣ እሑድ

የመጀመሪያ ጨዋታዬ። ያሬድ ሺፍቱን የሚቀይርለት አጣ። ሊዲያ ደግሞ ጡት ትፈልጋለች። ስለዚህ እማዬ ሳትወድ ልጅቷን አዝላ መጣች። ጥላ ይዛ።

ሜዳው ክሌር እንዳለችው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። መቀመጫ በአንድ ወገን ብቻ። ከጎሉ ጀርባ የብረት አጥር አለ፣ ተመልካች እዚያ ይቆማል። ዞር ስል እማዬ እዚያ ናት፣ ከኔ ጥቂት እርምጃ ርቃ። እዚህ ብቆም ይከለክሉኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት።

ማዕዘን ምት በመጣብን ቁጥር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጸልያለች፣ ቤተ ክርስቲያን እንደቆመች። የተቃራኒ ቡድን አጥቂ ግራ ገብቷት ማን ናት አለችኝ። እናቴ። ምን እያለች ነው? ላንቺ የሚበጅ አይደለም አልኳት።

እረፍት ላይ መልበሻ ክፍል ሊዲያን አጠባሁ። አምበላችን፣ ቀን አስተማሪ ናት፣ ከኔና ከሕፃኗ በላይ ቆማ ቡድኑን ታነቃቃለች። ማንም ዞር ብሎ አላፈጠጠብኝም። ወደድኳቸው።

ሊያልቅ ሲል ያቺው አጥቂ ብቻዋን ወጣች። ሮጥኩ፣ እግሯ ሥር ወደቅኩ፣ ኳሷን አቀፍኩ። ጉልበቷ ትከሻዬን አገኘው። ዓለም ጠፋ። ጭቃው ቀዝቃዛ፣ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል። እማዬ መጸለይ ማቆሟ ተሰማኝ። አሁን ነይ ውጪ ትላለች፣ አሁን ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ሩቴ፣ ተነሺ።"

በለሆሳስ ነው ያለችው፣ ለትምህርት ቤት እንደምትቀሰቅሰኝ። ተነሣሁ። ኳሷ እጄ ላይ ነበረች።

ዜሮ ለዜሮ። የኛ ልጆች እንዳሸነፉ ተቃቀፉ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እማዬ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ ስታይ ቆየች። ዓይኔን አልጨፈንኩም አለችኝ። ቤት ልንገባ ስንል ግን ቀጣዩ መቼ ነው አለች።

ፌብሩዋሪ 5፣ ረቡዕ

ትከሻዬ ሰማያዊ ሆኗል። ክንዴ ግን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሐኪም አየልኝ፣ አልተሰበረም።

ለክሌር መልስ የምሰጥበት ቀን ዛሬ ነው። አንድ ቀን ጥሩ አሰልጣኝ ይወጣኛል፣ ይህን ሳልዋሽ እነግርሻለሁ። ያ ቀን ግን ዛሬ አይደለም። ደወልኩላት። አመሰግናለሁ፣ አልቀበልም አልኳት። ቦታው ለሌላ ሰው ይሄዳል አለች። አውቃለሁ አልኳት። ስልኩን ዘጋሁ። ያሬድ አየኝና የሊዲያን ገንፎ ማማሰል ቀጠለ።

ቶርስተን አልደወለም። ላይደውልም ይችላል። በዚያም ቢሆን እሑድ ጨዋታ አለ፣ ከዚያ በኋላም ሌላ እሑድ። እማዬ ቲኬቷን እስከ ፋሲካ አራዘመች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ዛሬ የምንለማመደው ከዳር የሚሻገር ኳስ መያዝ ነው። ድክመቴ እሱ ነው፣ ከጎሉ ቶሎ እወጣለሁ። ከሌሎቹ ቀድሜ ልድረስና ለብቻዬ ልሥራበት። ሊዲያ ነቃች፣ ያሬድም ሊያደርሰኝ ቁልፉን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ ልሂድ፣ ስመለስ ካልደከመኝ የቀረውን እጽፍብሻለሁ።