አድማና አበልጅነት

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 8፣ ከሰዓት

ዛሬም ምሳ ከከተማው ዳር፣ ስካርቦሮ። የአውቶቡሱ መንገድ አያልቅም፤ ሽሮው ውሃ ነው። ስመለስ ዳንፎርዝ ላይ ወርጄ በኃይሉ ምግብ ቤት ማዶ አለፍሁ። ጢም ብሏል። እዚያ ማንም እንዳይበላ አድማውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ኃይሉና ሚስቱ በራቸው ላይ «ጦርነቱ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ለእርቅ የሚጸልይ ከሃዲ ነው» ብለው ለጠፉ። አገር ቤት ሰው እያለቀ! ያኔ በስልክ ግሩፓችን ውስጥ ሁሉም አውራ ጣቱን አነሣ። ከእነዚያ አውራ ጣቶች አንዳንዶቹ ዛሬ ጥብስ ሲጠቀልሉ በመስታወቱ አየሁ።

ታደሰም አለ። ታደሰ! እዚህ አገር እንደመጣን ቶርንክሊፍ ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተን፣ አንድ የክረምት ጃኬት በፈረቃ የለበስን። ኃይሉ ትከሻው ላይ እጁን ጥሎ ያስቀዋል። ኃይሉ የተቀመጠበት ወንበር የኔ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 11

ታደሰ ደወለ። በሃምሳ ዓመቱ ወንድ ልጅ ወልዶ ደስታው ገና ከድምፁ አልወጣም። ቤቱ በአራስ ጠያቂ ተሞልቷል፤ ቅዳሜ ኃይሉ ጋ ምሳ ልጋብዝህ፣ ቁም ነገር አለኝ አለ። ሲጠራኝ ሦስተኛው ነው። ቁም ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ከኃይሉ ሊያስታርቀኝ ነው። በስልክ ንገረኝ አልሁት። በስልክ አይሆንም አለ። አቋም ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሰፊው አስረዳሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «እሺ ፕሮፌሰር፣ ደህና እደር» አለ። ፕሮፌሰር የሚለኝ ሲበሽቅ ነው። ይብሸቅ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 20፣ ማታ

ባለቤቴ መሠረት ኢስት ዮርክ፣ ታደሰ ቤት፣ አራስ ጠይቃ ተመለሰች። ኮቷን ሳታወልቅ ነገረችኝ። የልጁ ክርስትና አባት ኃይሉ ነው።

ቀልድ መሰለኝ። አይደለም። ታደሰ ያን ሁሉ ምሳ የጠራኝ እኔን ክርስትና አባት ሁንልኝ ሊለኝ ኖሯል። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይጠየቅም። አላውቅም? አውቃለሁ! ግን አቋም እያስረዳሁ ነበር። ያን ቅዳሜ ብቻውን ተክዞ ተቀምጦ ሳለ ኃይሉ መጥቶ ምን ሆነሃል አለው። ነገሩ እዚያው አለቀ።

«አንተ የበሩን ጽሑፍ ስታነብ ሰውዬው ወንበርህ ላይ ቁጭ አለ» አለችኝ መሠረት። እየሳቀች። እራት አልበላሁም።

ዓርብ፣ ጥቅ. 21

ኃይሉ የታደሰ አበልጅ! ከእንግዲህ በዓመት በዓሉ ቀድሞ የሚጠራው እሱ። ታደሰን ቢያመው ቀድሞ የሚደወልለት እሱ። ልጁ አፉን ሲፈታ «አባባ» የሚለው እሱን። ዛሬ ሄጄ አየሁ፤ ጽሑፉ አሁንም በሩ ላይ አለ። ስለ ጽሑፉ ትክክል ነኝ፤ አንዲት ቃል አልመልስም። ላንተ ግን አልዋሽም፣ ማስታወሻዬ። ዛሬ የሚያቃጥለኝ ጽሑፉ አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 26

ታደሰ ከሕንፃችን ሥር ፓርክ አድርጎ ደውሎ ከቤት አስወረደኝ። መኪናው ውስጥ ተቀመጥን። ኃይሉ የለጠፈውን አላነበብህም ወይ አልሁት።

«አንብቤያለሁ። ፊት ለፊት ነግሬው ተጣልተንበታል። እሱ ግን እየተጣላኝም ያበላኛል። አንተ እየወደድከኝ ዘጋኸኝ።»

ዘጋኸኝ? እኔ! ክርስትናው እሑድ ነው፤ ግብዣው ኃይሉ ምግብ ቤት። ትመጣለህ አለኝ። እንጃ አልሁ። ከመኪናው ስወርድ ጃኬቴን ያዝ አድርጎ «ና እንጂ አንተ ግትር» አለ።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 29፣ ጠዋት

ለግሩፑ ጻፍሁ። አድማው ይቀጥላል፤ አቋሜ ያው ነው፤ እኔ ግን ነገ ለልጁ ስል እገባለሁ። አውራ ጣት ያነሣ የለም። አንዱ «ጥብሱን ሳትቀምስ እንዳትወጣ» ብሎ መለሰ። ባለጌ።

ውሳኔ። ነገ ቤ/ክ እገኛለሁ። ኃይሉ ልጁን ከካህኑ እጅ ሲቀበል ቆሜ አያለሁ። እችለዋለሁ። ግብዣው ላይ እህል አልነካም። ኃይሉ ክርስትና አባትም ነው፣ ባለምግብ ቤትም ነው፤ እንግዳው ከወዲያ ከወዲህ ሲጠራው ልጁን ለአንድ ሰው ማቀበሉ አይቀርም። አጠገቡ እቀመጣለሁ። እጄን ቀድሜ እዘረጋለሁ። አንዴ ከታቀፍሁት፣ ልጁ ቢያለቅስም ለኃይሉ አልመልስለትም።