ዘጠና አራት ጊዜ የመታህበት ቀን

ለውድ ወንድሜ ለምንይሉ አምባዬ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው ያመኛል ያልከው ወገብህ ተሻለህ ወይ? እንቅልፍህስ? ምግብህስ? ሙቀቱ ትንሽ በረድ አለልህ? እኛ አምላክ ይመስገን፣ ካንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም። አባባ ደኅና ናቸው። እማማም ጉልበታቸውን ካልሆነ በቀር ደኅና ናቸው። ዘንድሮ ውርጩ ከብዷል፤ ጠዋት ጠዋት የደጃችን ሣር ነጭ ሆኖ ያነጋል። ምንይሉ ያለበት አገር ሰው በታኅሣሥ ያልበዋል ስላቸው እማማ አያምኑኝም፣ ያሾፍኩባቸው ይመስላቸዋል። ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ነው። በጎቹ ደኅና ከረሙ፤ ያንተዋ ጥቁሯም መንታ ወልዳለች። ትልቁ ሙክት ግን የለም፣ አባባ አርደውታል። ይህን ሁሉ የምጽፍልህም ለምን እንደታረደ ልነግርህ ነው።

በስልክ ልነግርህ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን በደወልኩ ቁጥር አባባ ስልኩን ከእጄ ይቀበሉኝና ስለ በጎቹ ሲያወሩልህ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ በደብተር ወረቀት ጽፌ፣ ቅዳሜ መሐል ሜዳ ገበያ የሱፍ ባና ልሸጥ ስወጣ ፎቶ አንሥቼ እልክልሃለሁ። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ ታገሠኝ፤ እጄ የበግ ጠጉር ሲፈትል ነው የኖረው።

ኅዳር ላይ፣ የምትሠራበት የጎልፍ ሜዳ ሣር አጫጆችና ዕቃ ተሸካሚዎች እርስ በርሳችሁ ተወዳድራችሁ ቪዲዮውን ከነውጤቱ ልከህልን ነበር። «ይኸው» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጻፍክም። እኛ ደግሞ ጉራ ስለማትወድ መሰለን። ቀኑ የነቢያት ጾም ቅበላ እሑድ ነበር። ገብረ አማኑኤል ጠላ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን አስገብቷል። መምህር ይታየው ስልኬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘውና ግማሹ የቀየት ሰው ተሰብስቦ አየህ። ትንሿን ነጭ ኳስ በዱላ እየመታህ ጉድጓድ ውስጥ ትከታለህ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ፣ እንዲህ እያልክ እስከ ዐሥራ ስምንት፤ ይህን ድሮ ነግረኸናል። ማን እንደሚያሸንፍ ግን አልነገርከንም። እኛም አልጠየቅንህም፣ የማናውቀው ነገር አልመሰለንማ።

በመጨረሻ ሰንጠረዡ ወጣ። ሃያ ሁለት ስም ነበረው። ላይኛው ሰባ ስምንት ይላል፣ ቀጣዩ ሰማንያ፣ እያለ እያለ ከሁሉም ግርጌ ያንተ ስም፣ ከጎኑ ዘጠና አራት። መምህር ይታየው አገጩን አሸት አሸት አድርጎ፣ በእግር ኳስ ቢሆን ግርጌ ያለው የተሸነፈ ነው አለ። አባባ ተቆጡት። በጥምቀት ልጆችና ጎረምሶች ይቀድማሉ፣ መዘምራኑና ካህናቱ ይከተላሉ፣ ታቦቱ ከሁሉም ኋላ ነው የሚመጣው፤ አንተ ፊት ፊት ለሚሮጠው ነው እንዴ የምትሰግደው? አሉት። መምህሩም ዘጠና አራት ከሰባ ስምንት መብለጡን መካድ አልቻለም። እልልታው ቀለጠ። አባባ በቀጥታ ወጥተው ሙክቱን ጣሉት። ሥጋው ገና ሳይበስል ግጥምም ተገጠመልህ፤

ዘጠና አራቴ መታው ምንይሉ፣
ሌሎቹ በሰማንያ ደከመን እያሉ።

እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ልዋሽህ አልፈልግም፣ ያን ቀን የምንይሉ እህት ተብዬ ስጠራ ከመሬት ከፍ ያልኩ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መሐል ሜዳ ገበያ ተቀምጬ ሳለ መልእክትህ ደረሰኝ። በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው ትንሽ የመታ ነው፣ እኔ መጨረሻ ወጣሁ ትላለህ። አለቃህ ግን ሣር ማጨዱን ትተህ ዓመት ሙሉ ከአሠልጣኝ ጋር እንድትለማመድና ተጫዋች እንድትሆን ጠይቆሃል፤ ከጥምቀት በፊት መልስ ይፈልጋል። አንተ ደግሞ አዝኖልኝ ነው፣ እምቢ ልለው ነው ትላለህ። ሩቅ እመታለሁ፣ ሰው ግን ቆሞ አያየኝም ትላለህ። ያ የምትወደው ባለ ነጭ ኮፍያ ታላቅ ተጫዋች ግን ዱላውን ገና ሳያነሣ ሕዝቡ ትንፋሹን ይውጣል፣ ሌላውን ሊያይ የመጣው ሳይቀር ይከተለዋል፣ እሱ ምን አለው፣ እኔስ ምን ጎደለኝ? ብለህ ጠየቅኸኝ። አንዲት ሴትዮ ባናዬን እያገላበጠች ስታናግረኝ አልሰማኋትም። ባንተ አዘንኩ። ከዚያም በላይ ለአባባ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ።

ሳምንት ሙሉ ዋጥ አድርጌ ከረምኩ። አባባ ደግሞ በየደረሱበት ያወሩሃል፤ ወፍጮ ቤት ያወራሉ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያወራሉ። በኋላ አውድማ ላይ ገብስ ሲያዘሩ ብቻቸውን አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። መንሹን እንደያዙ ቆሙ። ነፋሱ እብቁን ልብሳቸው ላይ ሲበትነው እንኳ አላራገፉትም። ከዚያ፣ ማን ያውቃል? ብለው ጠየቁኝ። እኔ ብቻ ነኝ አልኳቸው። እንግዲያው አገሬው ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ ይስማው ብለው ማዝራታቸውን ቀጠሉ። እማማ ግን ማታ ስነግራቸው የጠየቁኝ ሌላ ነው። እምቢ ካለ እንደተባለው ለፋሲካ ይመጣል? አሉኝ። አዎ አልኳቸው። እሺ ካለስ? አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ አይመጣም አልኳቸው። እንዝርታቸውን አንሥተው መፍተላቸውን ቀጠሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባባ ከዐፀዱ በር ላይ ሰውን አስቆሙት። እኔ አንገቴን ደፍቼ ከሴቶቹ ኋላ ተደበቅሁ። ልጄ መጨረሻ ነው የወጣው፣ በዚያ ጨዋታ ጥቂት የመታ ነው ጌታው፣ እኔ ሳላውቅ ሙክት አረድኩ፣ የበላችሁትን ግን መልሱ አልላችሁምና አትፍሩ አሉ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሙክቱ ይነሣልንና በጨዋታው ደንብ በጥቂቱ ይታረድ ያለም ነበር። እንደዚያ ቀን በአባባ ኮርቼ አላውቅም። ሳቁ በረድ ሲል ገብረ አማኑኤል፣ እንግዲያው ደንቡን አሁን ካወቅን እንደገና እንየው እንጂ አለ። ጾም ነው፣ ሥጋ የለም፣ ድል የለም፤ ለመብል የመጣ አልነበረም። ግን ቤቱ ሞላ። እንዲያውም ከፊተኛው ይልቅ ሞላ።

አሁን ልብ ብለህ አንብበኝ። ዐሥራ አንደኛው ጉድጓድ ላይ ኳስህ አሸዋ ውስጥ ገባች። መታህ፣ አሸዋው ብቻ ተረጨ። ደገምክ፣ ኳሷ ጠርዙ ላይ ደርሳ ተንከባላ እግርህ ሥር ተመለሰች። ሦስተኛም እንደዚያው። እኔ ብሆን ዱላውን እሰብረው ነበር። አንተ ግን ጎንበስ ብለህ ኳሷን ትክ ብለህ አየሃትና ትከሻህ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። በአራተኛው ስትወጣልህ አማተብክ። ሁሉም ወደፊት ሲሄድ አንተ ያን ባለ ጥርስ እንጨት አንሥተህ የራስህን ዳና፣ ከዚያም ከአንተ በፊት የገቡትን ሁሉ ዳና እየደለደልክ አሸዋውን አስተካክለህ ወጣህ። ውድድር ላይ መሆንህን ረስተህ የዘወትር ሥራህን ሠራህ። ጠላ ቤቱ ውስጥ የሳቀ አልነበረም። አባባ ያችን ቦታ ሦስት ጊዜ አስደገሟት።

እኔ ግን ሌላ ነገር ዐየሁ። መጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ከኋላህ የቆሙት አራት ሰዎች ናቸው። ከአሸዋው በኋላ ዘጠኝ ሆኑ። መጨረሻው ጉድጓድ ላይ መምህር ይታየው ምስሉን አስቁሞልኝ እየነካሁ ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ አንድ ናቸው። ጨዋታቸውን ጨርሰው መሄድ የሚችሉት ቆመዋል። አንደኛ የወጣው ልጅ፣ በኋላ ዋንጫውን የተቀበለው፣ እሱም ቆሟል። ከኋላ እጁን አጣምሮ የቆመ ሽበታም ሰውዬ አለ፤ አለቃህ እሱ ይሆን? ሰው ቆሞ አያየኝም አልከኝ። አንተ ፊትህን ወደ ኳሷ አድርገህ ነበር፣ ሰዎቹ ከኋላህ ነበሩ።

ያ ባለ ነጭ ኮፍያው ምን አለው ላልከኝ ደግሞ፣ ከዚያው አያይዘን የእሱንም አየን። ከእሱ በፊት የመታው ሰው ኳሷን ከእሱ ይልቅ አርቋት ነበር፤ ጠላ ቤቱ ግን ስለ ገብስ ያወራ ነበር። ነጭ ኮፍያው ሲቀርብ ዝም ተባለ። ኳሷ ዛፎች መሐል ወደቀች። እሱ ተንበርክኮ በሁለት ግንዶች መካከል አየ፤ ከዚያ ተነሥቶ በዚያች ቀዳዳ እንደሚያሳልፋት በጣቱ አሳየ። ቢስት ያ ሁሉ ሕዝብ እንደሚያይበት እያወቀ ነው ያሳየው። ሲመታ ገብረ አማኑኤል ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ትከሻው አብሮ ዞረና ጠላው የመምህሩን ጉልበት አራሰው። አባባ ይህን አይተው፣ ይሄ ሰው ብቻውን አይመታም፣ ቤቱን በሙሉ ያስመታዋል አሉ።

ኪዳነን ታስታውሰዋለህ? በልጅነታችን በገና ጨዋታ ጥንጓን እንደ እሱ የሚያርቃት አልነበረም። ሆኖም ሰው ከግሼ ድረስ የሚመጣው አባባ ሲጫወቱ ለማየት ነበር። ለምን ነበር? ብዬ ጠየቅኋቸው። ኪዳነ ሲስት ፊቱን ያዞር ነበር፣ ስለዚህ ሲያገኝም ደስታው የራሱ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር አሉኝ። እኔ ፈርቼ እንደሆነ ፍርሃቴን ያዩታል፣ ስቼም እንደሆነ ያዩኛል፣ ስለዚህ ያገኘሁ ዕለት ሁሉም ያገኙ ይመስላቸዋል አሉ። የእኛ ቤት ትምህርት ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ መልስ ካለው ጋር ከተገናኘህ ጻፍልኝ።

ምንይሉ፣ እንደዚያ ሰውዬ ስምህ ዓለምን ይዞራል አልልህም። እኔ ምን አውቄ። ዘጠና አራት ብዙ ነው፣ ሰባ ስምንት ለማድረስም ዓመት ይበቃ አይበቃ አላውቅም። ምቱን ማሳነሱን አሠልጣኙ ያስተምርሃል። አሸዋ ውስጥ ገብቶ በሰው ፊት መሳቁን ግን ማንም አላስተማረህም፣ ሠላሳ አንድ ሰው ያቆመውም እሱ ነው። አለቃህ አዝኖልህ ነው ብለህ ራስህን አታታልል። ተቆጥቼሃለሁም፤ ሽንፈትህን ለብቻህ ይዘህ ያን ሁሉ ቀን መክረምህ ለምን ነበር? እኛ የማን ነን?

ሰላምታውን ልንገርህ። ባለቤቴ ወዳጆ በጣም ሰላም ይልሃል፤ አሁን ጥቂት መምታት ነው ይልሃል፣ ሰው ሁሉ የሚለኝ እሱን ሆኗል። ልጄ ሳሌም ትስምሃለች። መምህር ይታየውና ገብረ አማኑኤል ሰላም ብለውሃል። እማማ ስትተኛም ስትነሣም እመቤታችን አትለይህ ብለዋል። የጀመሩልህን ባና ትላንት ጨርሰውታል፤ ለፋሲካ ትለብሰዋለህ ብለው ነበር የፈተሉት። ዛሬ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈልጊ ብለው ሰጡኝ።

አባባ አሁን ከአውድማ ገብተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። እንዳልኩት አድርገሽ ጻፊ፣ የራስሽን አትጨምሪበት ብለውኛል። እንዲህ ይላሉ፤ ያሸነፍክ መስሎኝ በግ አርጃለሁ፣ እሱ ባለማወቅ ነው። ይህን የምልህ ግን መሸነፍህን አውቄ፣ ለፋሲካ እንደማትመጣም አውቄ ነው፤ አለቃህን እሺ በልና ግባ።

እህትህ ስመኝ አምባዬ
ቀየት፣ መንዝ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.