ረቡዕ ማታ ምንም ያልነገሩን ወይዘሮ ኦርሌን ፔቲግሩ

ወይዘሮ ኦርሌን ፔቲግሩ ከአባታቸው ከአቶ ኤልሮይ ቦልደንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዜናቢያ ክሬግ እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1949 በሚሺጋን ስቴት፣ በሳጊናው ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ብረት ማቅለጫ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ እናታቸው የሆስፒታል ልብስ ያጥቡ ነበር። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ናቸው። የመጨረሻዋ ዊሎዲን ይህን ታሪክ እንድትጽፍ የተመረጠችው ወሬ ስለምትወድ ነው፤ ሟቿ ቢጠየቁ ኖሮ ሌላ ሰው ይመርጡ ነበር።

ገና በልጅነታቸው ነገርን ከነገር ማስተያየት ይወዱ ነበር። ፓስተሩ «ዛሬ ቤቱ ጢም ብሏል!» ሲሉ ትንሿ ኦርሌን ከፊት ወንበር ተነሥተው «ካለፈው እሁድ ያንሳል» ይላሉ። እናታቸው ቆንጥጠው ያስቀምጧቸዋል። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ያው ነው። ትምህርታቸውን በሳጊናው አጠናቀው፣ ኮሌጅ ገብተው በስታቲስቲክስ ከተመረቁ በኋላ በ1972 በስቴቱ ዋና ከተማ በላንሲንግ በሥራ አጥነት መድን ቢሮ ተቀጠሩ። ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት አልወጡም።

ሥራቸው ምን እንደነበር ብዙ ዘመድ ዛሬም በቅጡ አያውቅም። ከሥራ የተቀነሰ ሰው ሌላ ሥራ እስኪያገኝ መንግሥት የሚከፍለውን መድን ለማግኘት ያመለክታል። ኦርሌን ከየቅርንጫፉ የሚመጣውን የአመልካች ቁጥር ሰብስበው፣ የዚህን ሳምንት ካለፈው፣ የዘንድሮውን ከአምናው እያስተያዩ የግራፉ መስመር ሽቅብ ይሁን ቁልቁል ይናገራሉ። ሐምሌ ሲመጣ የመኪና ፋብሪካዎቹ ለአዲሱ ሞዴል ማሽን ሊቀይሩ ይዘጋሉ፤ ሠራተኛው ሁሉ ያመለክታል፤ መስመሩ ጣሪያ ይነካል። አዲስ የተቀጠረ ባለሙያ ደንግጦ ወረቀቱን እያውለበለበ ሲመጣ «ሐምሌ ነው የኔ ልጅ። ሰዉ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል፤ ቁጭ በል» ይሉት ነበር።

ቁጥሩ የሚወጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት ለማንም ላለመናገር ምለዋል፤ ለእናታቸው እንኳ አይናገሩም። ችግሩ ረቡዕ ማታ የመዘምራን ልምምድ መኖሩ ነበር። በላንሲንግ ቤተ ሳይዳ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ከሚዘምሩት አብዛኞቹ የፋብሪካ ሰዎች ስለነበሩ፣ የነገውን ዛሬ ለማወቅ የማይሞክር አልነበረም።

«ኦርሌን፣ እንዴት ነው ነገሩ?» ትላለች እህት ሉትሪሺያ።

«ጌታ ይመስገን።»

«እሱማ ይመስገን። ፋብሪካውስ?»

«ነገ ጋዜጣ ግዢ።»

መዘምራኑ ከአፋቸው ሲያጡ፣ ለልምምዱ ምግብ ይዘውበት የሚመጡትን ሳህን ማየት ጀመሩ። እህት ሉትሪሺያና ባሏ ዲያቆን ላቬል ብዙ ተመራምረው አንድ ነገር ደረሱበት፤ ኦርሌን የኮክ ኬክ ጋግረው ከመጡ አመልካች ቀንሷል፣ የድንች ሰላጣ ይዘው ከመጡ ጨምሯል ማለት ነው። ጉዳዩ በሹክሹክታ ጉባኤውን ሁሉ አዳረሰ። ከኦርሌን በቀር የማያውቅ አልነበረም። እሳቸውማ ኮክ ሲያገኙ ኮክ፣ ሲያጡ ድንች ነበር የሚሠሩት።

በ1979 መኸር ወራት፣ አንድ ማክሰኞ፣ በመኪና ፋብሪካው ቆርቆሮ በሚቀርጸው ማሽን ላይ የሚሠሩትና በመዝሙር ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ያላቸው አቶ ሮዜል ፔቲግሩ ኦርሌንን ለትዳር ጠየቁ። እሳቸውም እሺ አሉ። እሁድ በጉባኤ ፊት እስኪታወጅ ዝም እንዲሉም ተስማሙ። ዝምታ ለኦርሌን ቀላል ነው። ደስታው ግን መውጫ ፈለገና ረቡዕ ሦስት የኮክ ኬክ ተሸክመው መጡ።

«ሦስት ነው፣ ላቬል» አለች ሉትሪሺያ፤ «ሦስት ነው ያመጣችው።»

ዲያቆን ላቬል ከፋብሪካው እንዳይቀነስ ፈርቶ ወደ ሂውስተን ወንድሙ ዘንድ ለመሄድ ቤቱን ጠቅልሎ ነበር። ኬኩን እንደቀመሰ የተከራየውን መኪና መለሰና ዕቃውን ፈታ። ሐሙስ ጠዋት ቁጥሩ ወጣ፤ በዚያ ዓመት እንዲያ ያለ ከፍታ ታይቶ አያውቅም። ዓርብ የእነ ላቬል ፈረቃ በሙሉ ተቀነሰ። አቶ ሮዜልም አብረው ነበሩ።

ቅዳሜ አቶ ሮዜል ወደ ኦርሌን መጥተው «ነገ የሚታወጀው ይቅር። ደሞዝ የሌለው ሰው ላግባ ብሎ ጉባኤ ፊት አይቆምም። ሥራ እስካገኝ ለማንም አትንገሪ» አሉ። ኦርሌን ከፋቸው፤ ቃላቸውን ግን ሰጡ።

ሰኞ ደግሞ ዲያቆን ላቬል ለመድኑ ሊያመለክት ቢሮው ሄደ፤ ደሙ ፈልቶ ስለነበር ፎቅ ወጥቶ ኃላፊውን ሚስተር ስተንክዊስትን አናገረ። እዚህ የምትሠራ ሴት በኬክ አሳስታናለች ብሎ ለመንግሥት ባለሥልጣን አቤት ያለ ሰው ከቤተ ሳይዳ ሌላ የትም አይገኝም።

ኃላፊው ኦርሌንን አስጠሩ። «ወይዘሪት ቦልደን፣ ቁጥሩን በኬክ ይናገራሉ?»

ኦርሌን ነገሩን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ኃላፊው ወደ ላቬል ዞረው የቀድሞዎቹ ኬኮች ትክክል ነበሩ ወይ ሲሉ ጠየቁት። ላቬልም፣ ሞኝ አይደል፣ «ከሬዲዮው ይሻላሉ» አለ። ኦርሌንን ምስጢር አውጪ እንዳደረጋቸው የገባው ከአፉ ሲወጣ ነው። ሊመልሰው ቢሞክርም አልተቻለም።

«እንግዲያው ሦስቱ ኬክ ለምን ነበር?»

«ደስ ብሎኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«ምን አስደሰተዎት?»

ኦርሌን አንድ ቃል ቢናገሩ ነፃ ይወጡ ነበር፤ ያቺ ቃል ግን ለአቶ ሮዜል የተሰጠች ነበረች። ኃላፊው እስከ ዓርብ ካላስረዱ ሥራቸውን እንደሚለቁ ነገሯቸው። እቤት መጥተው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ያንን ሥራ እንዴት እንደሚወዱት የምናውቅ እናውቃለን። እህታቸው ዊሎዲን በስልክ «ኩራቱን ይዞ ይቀመጥ፤ ንገሪያቸው!» ብላ ብትቆጣም አልሰሟትም።

ሉትሪሺያ በሥራዋ አፍራ ለአቶ ሮዜል ነገረቻቸው። የእጮኝነቱን ነገር አታውቅም፤ ኦርሌን በኬክ ሰበብ ልትባረር ነው ብቻ አለቻቸው። ረቡዕ አቶ ሮዜል እንደማንኛውም ሰው ቢሮው ታች ተሰልፈው ማመልከቻቸውን አስገቡ። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ላይ ወደ ኃላፊው ክፍል ወጡ፤ ኦርሌንም እዚያው ነበሩ። በሩን መዝጋት ረስተው ስለነበር፣ በዚያ ድምፃቸው የተናገሩትን ታች ያለው ሰልፍ ሁሉ ሰማ።

«ኬኩ የኔ ነው፣ ጌታዬ። አግቢኝ ብያት እሺ ስላለችኝ ነው የጋገረችው። ዛሬ እኔም ታች አመልክቻለሁ፤ በሚቀጥለው ቁጥር ውስጥ አለሁበት። ከዚህ ሌላ የደበቅነው የለም።»

ኃላፊው ኦርሌንን አዩ። «እውነት ነው?»

«እሺ ማለቴን እሱ ነገረዎት» አሉ ኦርሌን። «ቁጥሩን ግን ሐሙስ ነው የምናገረው።»

ሚስተር ስተንክዊስት የሚስቅ ሰው አልነበሩም ይባላል፤ ያን ዕለት ግን ሳቁ። ጉዳዩን ዘግተው አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጡ፤ ወይ በየሳምንቱ ኬክ ይጋገር፣ ወይ ጨርሶ ይቅር። ኦርሌን በየሳምንቱ መጋገርን መረጡ። ታች ያለው ሥራ ያጣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ሰልፉ ውስጥ የነበረው ዲያቆን ላቬል እንባውን እየጠረገ መዝሙር አነሣ፤ ጸሐፊዎቹም ሥራ አቁመው ተቀበሉት።

ጥር 1980 ተጋቡ። ሠርጉ ማክሰኞ ቀን ነበር፤ ሥራ ያለው ሰው ስላልነበረ ማንም አልቀረም። ሚዜው ላቬል ነበር። ከዚያ ሠርግ የበለጠ የተበላበትና የተጨፈረበት በቤተ ሳይዳ የለም፤ ማርፈድ የሚያሳስበው ሰው ከየት ይምጣ? ማርቬላና ቶባያስ የሚባሉ ሁለት ልጆችም ወለዱ።

አቶ ሮዜል ወደ ፋብሪካው ተመልሰዋል፤ ደግመው ተቀንሰዋል፤ ደግመው ተጠርተዋል። ወይዘሮ ኦርሌን የዓመታቱን መስመር ለልጆቻቸው ሲያሳዩ አንዱን ከፍታ በጣታቸው ነክተው «እዚህ ጋ አባታችሁ አለ። ደኅና አድርጋችሁ እዩት» ይሉ ነበር። ቁልቁል የሚወርድ መስመር ያዩ ቀን ጠረጴዛቸው ላይ ያዜማሉ፤ ጎረቤት ክፍል ያሉት ዜማውን ሰምተው ቁጥሩን እንዳያውቁ በር ይዘጋባቸው ነበር።

በ2012 ጡረታ ወጡ። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ መስመሩን በቴሌቪዥን አይተው «ይኼ መስመር አይደለም፣ ግድግዳ ነው» አሉና ስልካቸውን አንሥተው፣ ማመልከቻ መሙላት ያቃታቸውን የጉባኤውን ወጣቶች ሲረዱ ከረሙ። ከዚያ ልባቸው ደከመ። በሐኪምና በቤተሰብ ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 4 ቀን 2023 እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ወሬኛዋ እህታቸው ቀርተዋል። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ አቶ ሮዜል «ባለቤታቸው የሞቱባቸው» ተብለው ተጽፈው ነበር። አነበቡና እስክሪብቶ ጠይቀው ሰረዙት።

«ከፋብሪካው ስንት ጊዜ ቀንሰውኛል» አሉ። «ከባልነቴ ግን ማንም አልቀነሰኝም። ባሏ ብላችሁ ጻፉ።»

ባላቸው አቶ ሮዜል ፔቲግሩ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ለእኚህ ሴት ነፍስ ጌታ ሰፊ ዕረፍት ይስጥ፤ ለእሳቸውም እስኪገናኙ ድረስ ጉልበት ይሁናቸው። አሜን።