ባክቴሪያዎቹን ማን ይረከባል?

«ሃያ ዓመት ያየናቸው ባክቴሪያዎች ለውጣቸውን ጨርሰዋል፤ ይደፉ።» አለቃዬ የጻፈልኝ ቃል በቃል ይኸው ነው።

ውድ እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ በንዴት ከርሜያለሁ። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሳዩት ለውጥ መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ኋላ ያዘግማል እንጂ መቼ ይቆምና!

አምና ታምሜ ስተኛ የጡረታ ዕረፍትሽን ትተሽ፣ የላብራቶሪ ጋዎንሽን መልሰሽ ለብሰሽ፣ በየማለዳው ከአሮጌው ጠርሙስ ጥቂት ጠብታ ወደ አዲስ ምግብ ያዛወርሽልኝ አንቺ ነሽ። «ልጆችህ በልተዋል፤ አንተስ፣ ወንድምዬ?» ትዪኝ ነበር። ዘራቸው ያልተቋረጠው በአንቺ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ደህና ነኝ፤ ጠርሙሱን ግን በሁለት እጄ እይዛለሁ፣ ሐኪሙም ቶሎ ቶሎ ይጠራኛል። ከአለቃዬ ጋር ተጨቃጭቄ፣ ተረካቢ ከተገኘ እንዲቆዩ አስፈቅጃለሁ።

የምትረከቢያቸው ከሆነ እስከ ሰኔ ሠላሳ በጽሑፍ መልሺልኝ፤ በስልክ «እናያለን» ብትዪኝ አልቀበልም።

ውለታሽን የማይረሳ ወንድምሽ